ቀዳዳው በማን በኩል ነው?

የፖለቲካ ካርቱን የኢኮኖሚ ፖሊሲን ለሕዝብ ያስረዳል ወይስ ያምታታል? ክርክሩ የቆየ ነው፤ ዴቪድ ሎው በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለለንደኑ «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» የሣለው ጀልባ ግን ጥሩ መፈተኛ ይሆነዋል። የጀልባው አንድ ጫፍ ተቀዶ ወደ ውሃው አዘንብሏል፤ እዚያ ያሉት የመካከለኛው አውሮፓ ሰዎች ውሃውን እየቀዱ ይደፋሉ። ከፍ ብሎ በቀረው ጫፍ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሣይ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ቀዳዳው በእነሱ በኩል ባለመሆኑ ተመስገን ይላሉ። በእኔ እምነት እንዲህ ያለ ሥዕል ብርቱ የሚሆነው ችግር ከማን ወደ ማን እንደሚሻገር ሲያሳይ ነው፤ መድኃኒቱን ግን ከእሱ መጠበቅ አይገባም።

መሻገሩን የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። በሜይ 1931 የኦስትሪያ ትልቁ ባንክ ክሬዲታንሽታልት ከባድ ኪሳራ እንደደረሰበት አሳወቀ። ድንጋጤው በጁላይ የጀርመንን ባንኮች አዘጋ፤ ገንዘባቸው እዚያ የተያዘባቸው የለንደን አበዳሪዎችም አመኔታ አጡ፤ ወርቅ ከእንግሊዝ ወጣ፤ በሴፕቴምበር ፓውንድ ከወርቅ ጋር የነበረው ትስስር ተቋረጠ። ከቪየና ለንደን ለመድረስ የፈጀው አራት ወር ብቻ ነው። ሎው ጀልባውን የሣለው የጋዜጣው ባለቤት ሎርድ ቢቨርብሩክ የብሪታንያን ግዛቶች በቀረጥ አጥር ለመከለል በሚቀሰቅሱበት ዘመን ነበር፤ ከጋዜጣው ጋር የገባው ውል ግን ባለቤቱን እየተቃወመ እንዲሥል ነፃነት ሰጥቶታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሞስኮው የስላቅ መጽሔት «ክሮኮዲል» ከ15 ዓመት በኋላ አሜሪካ ለአውሮፓ ያቀረበችውን የማርሻል ፕላን የእርዳታ ዕቅድ ሲያብጠለጥል የራሱን መንግሥት አቋም የሚሞግት ሥዕል የማውጣት ዕድል አልነበረውም።

ካርቱን አገርን እንደ አንድ ሰው ስለሚሥል በውስጡ ያለውን ልዩነት ይሸፍናል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ሥዕሉ በወጣበት በ1932 መጀመሪያ በጀርመን 6 ሚሊዮን ያህል ሥራ አጥ ነበር፤ የባንኩ ባለአክሲዮንና የወደብ ሠራተኛው ግን በጀልባው ላይ አንድ ሰው ሆነዋል። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ወርቁን ቀድማ የተወችው እንግሊዝ እስከ 1936 ሙጭጭ ካለችው ፈረንሣይ ቀድማ አገግማለች፤ ታዲያ «አብረን እንሰጥማለን» ማለቱ የት አለ? መልሴ፣ የፓውንድ መርከስ በወርቅ የቆዩትን አገሮች ሸቀጥ አስወድዶ ሸክሙን ወደ እነሱ አሻግሯል የሚል ነው። ስህተቱ ምንዛሪን ዝቅ ማድረጉ ላይ አልነበረም፤ ሁሉም ለየብቻው፣ ያለ ምክክር ማድረጉ ላይ ነበር። 66 አገሮች በ1933 ለንደን ላይ ሊመክሩበት ቢሰበሰቡም፣ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ምንዛሪን የማረጋጋቱን ሐሳብ በመልእክት ውድቅ አደረጉትና ጉባኤው ያለ ውጤት ተበተነ። ሎው መሣል ያልቻለው መፍትሔ የተጻፈው በ1944 ብሬተን ዉድስ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ የ44 አገሮች ልዑካን ባዘጋጁት ስምምነት መሠረት አንድ አባል አገር ምንዛሪውን ከመነሻው ከ10 በመቶ በላይ ለመለወጥ ሲፈልግ በቅድሚያ የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ይሁንታ መጠየቅ ነበረበት።