የመቂ ትምህርት ቤት ዓመት

መቂ በስምጥ ሸለቆ ያለች ከተማ ናት። ከሞጆ ወደ ባቱ፣ ማለት ወደ ዱሮዋ ዝዋይ፣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። እዚያ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አለ።

ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። የካቶሊኩ፣ የኦርቶዶክሱና የሙስሊሙ ልጅ አንድ ክፍል ይቀመጣል። ጥቅምት ደህና ነው። ኅዳር ሲገባ አጨዳ ይደርሳል፤ ልጅ በየሰፈሩ ለሥራ ይፈለጋል። የገና ሰሞን ሩር ይጠለዛል፤ ከዚያ ጨዋታ የሚቀር የለም!

ሌላ አገር እህል ጎተራ ሲገባ ልጅ ያርፋል። የመቂ ገበሬ ግን በጋም ሥራ አለው። ከወንዙና ከሐይቁ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ችግኝ ሲተከል የልጅ እጅ ይፈለጋል። እኛም የገበሬ ልጆች ነን፤ ችግሩን እናውቀዋለን። ነገር ግን አንድ ሳምንት የቀረ ልጅ ማካፈል ያመልጠዋል። ሲመለስ ጓደኞቹ ቀድመውታል። ጥያቄ ሲጠየቅ ያፍራል። አፍሮም በዚያው ይቀራል። አባትና እናት ይህን አያዩም፤ እርሻ ላይ ናቸው።

በሰኔ ካርድ ይሰጣል። ልጁ የቀረባቸው ቀኖች ቁጥር እዚያ ላይ ይጻፋል። ዱሮ ካርዱን የሚያነብላችሁ ልጁ ራሱ ነበር። እንደፈለገ ያነበዋል! አሁን ፊደልም ቁጥርም ለይታችኋል። ዘንድሮ ካርዱን ተቀበሉትና ራሳችሁ አንብቡት።