ከመሬት በታች ያለው ደን

በየትምህርት ቤቱ የሚቋቋሙ የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ቀዳሚ ተግባራቸው ብዙውን ጊዜ ችግኝ መትከል ነው። ተግባሩ የሚያስመሰግን ቢሆንም አንድ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ ስለ ደን ጥቅም የተማረ ሕዝብ ደኑን ለመጠበቅ የሚነሣሣው መቼ ነው? ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የሁምቦ ወረዳ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ አለው።

የሁምቦ ተራራ ደን ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ለበርካታ ዓመታት ሲመናመን ኖሯል። ተራራው በመራቆቱም ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ይወስደው ነበር። ይሁን እንጂ ዛፎቹ ተቆረጡ እንጂ አልሞቱም። የብዙዎቹ ጉቶዎች ሥር ሕያው ነበር። እንዲህ ያለው ሥር የተከማቸ ምግብ ስላለውና ጠልቆ ውኃ ስለሚስብ፣ ከእርሱ የሚወጣው ቀንበጥ አዲስ ከተተከለ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ነገር ግን ቀንበጡን ከብት ስለሚግጠው፣ ማገዶ ፈላጊም ስለሚቆርጠው ከቁጥቋጦነት አያልፍም።

አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒጀር ያስፋፉት ዘዴ መነሻው ይኸው ነው። ከአንድ ጉቶ ከሚያቆጠቁጡት መካከል ጠንካሮቹን ጥቂት ቀንበጦች ማስቀረት፣ የቀሩትን መመልመል፣ ከዚያም ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ ነው። ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ይህንኑ ዘዴ ወደ ሁምቦ ይዞ በመጣ ጊዜ አስቸጋሪ የሆነው ዘዴውን ማስተማር ሳይሆን ነዋሪውን ማሳመን ነበር። ነዋሪው መሬቱ እንዳይወሰድበት ሠግቶ ነበርና። ሥጋቱ ካለማወቅ የመነጨ ነው ሊባል አይችልም፤ ከብት ያለው ገበሬ የግጦሽ መሬት ሲከለል የሚያጣውን ጠንቅቆ ያውቃል።

ስለሆነም ትምህርቱ ከመብት ጋር ተጣመረ። 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በደኑ የመጠቀምና የማስተዳደር ሕጋዊ መብት አገኙ። ከብት መልቀቅ ቢቀርም ሣሩን አጭዶ መውሰድ፣ ከተመለመለው ቅርንጫፍም ማገዶ መሰብሰብ ተቻለ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት በደን የተሸፈነው ከነባር ጉቶዎች ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። በ30 ዓመታት ውስጥም 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስቀር የተገመተ ሲሆን፣ የዓለም ባንክ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ገበሬውን «ደን አትቁረጥ» ብሎ ማስተማር ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። «ታዲያ በምን ላብስል? ከብቴንስ የት ላሰማራ?» ለሚለው ጥያቄም ትምህርቱ መልስ ሊኖረው ይገባል። የክበባት አባላት የሆናችሁ ተማሪዎችም ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት በአካባቢው ሕያው ጉቶ መኖሩን ተመልከቱ፤ በሬዎቹና ፍየሎቹ የማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚሰማሩም ጠይቁ። የሥራችሁንም ውጤት በተተከለው ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት በተገኘው ዛፍ ቁጥር ለኩት።