የጉልበት ሕመምን ለማስታገስና ለማገገም የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ድርሻ

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን የዳሮ ለቡ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መቻራ ዙሪያዋን በቡና፣ በጫትና በማሽላ ማሳ የተከበበች ናት። የአካባቢው ነዋሪ ማሽላ ሲኮተኩት ያጎነብሳል፣ ቡና ሲለቅም በተዳፋት መሬት ላይ ቆሞ ይውላል፣ ሸክም ይዞ ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል። ሴቶች ውኃና ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ ቤት ሲገቡም ምድጃ ሥር ቁጢጥ ብለው ያበስላሉ። በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል የመገጣጠሚያው ስም ብቻ ሳይሆን የኃይልም ስም መሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ የሚስማማ ነው። ጉልበቱ የታመመ አርሶ አደር የሚያጣው ምቾቱን ብቻ ሳይሆን የዓመት ገቢውንም ነው።

የጉልበት መገጣጠሚያ የጭን አጥንትንና የቅልጥም አጥንትን የሚያገናኝ ሲሆን፣ ከፊት ለፊቱ የጉልበት ሎሚ የሚባለው ክብ አጥንት ይገኛል። የአጥንቶቹን ጫፍ ካርቲሌጅ የተባለ ለስላሳ ሽፋን ይሸፍነዋል፤ በመካከላቸውም ጫናን የሚያከፋፍሉ ሁለት ሜኒስከሶች አሉ። ጅማቶች መገጣጠሚያው እንዳይወላልቅ ሲይዙት፣ የጭንና የባት ጡንቻዎች ደግሞ ክብደቱን ይጋራሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከውስጡ ካለው ፈሳሽ ነው። በመሆኑም ጉልበትን ለወራት ማሳረፍ ሕመሙን የሚያድን ቢመስልም፣ ሽፋኑን ከምግቡ ያርቀዋል፤ የጭን ጡንቻውንም ያከሳዋል። ጡንቻው ሲከሳ ቀድሞ ይሸከመው የነበረው ጫና በመገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ሕመሙ ይብሳል፤ ታማሚውም ይበልጥ ይቀመጣል። ፊዚዮቴራፒ በዋናነት የሚሠራው ይህን ዑደት በመስበር ላይ ነው።

ከጉልበት ሕመም መንስኤዎች ሁሉ በስፋት የሚታየው ኦስቲዮአርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ መሳሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ሲሆን 365 ሚሊዮን ሰዎችን ይመለከታል። ከታማሚዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ዕድሜ፣ ከዚህ ቀደም የደረሰ ጉዳት፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት እንዲሁም ተደጋጋሚ መንበርከክና ሸክም ለሕመሙ ያጋልጣሉ። በብዙ ቤት «ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የጉልበት ቁርጥማት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቅዝቃዜ የሕመሙን ስሜት ሊያጎላው ይችላል እንጂ መገጣጠሚያውን አያሳሳም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው በምርመራ ነው። ሕመሙ መቼ እንደጀመረና በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሚብስ ይጠይቃል፤ ታማሚው ሲራመድ፣ ሲቀመጥና ሲነሣ ይመለከታል፤ የጉልበቱን መታጠፍና መዘርጋት፣ የጭኑንና የዳሌውን ጡንቻ ጥንካሬ ይለካል። ፊዚዮቴራፒ ማለት መታሸት ወይም በኤሌክትሪክ መሣሪያ መሞቅ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሰፊ ቢሆንም ትክክል አይደለም። እነዚህ ለጊዜው ሊያስታግሱ ይችላሉ፤ የሕክምናው መሠረት ግን ለታማሚው ተለይቶ የታዘዘ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ይህም ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው መልካም ዜና ነው፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው መሣሪያ ከቤት አይጠፋም።

በብዛት ከሚታዘዙት መካከል የመጀመሪያው እግርን ዘርግቶ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ወይም ፎጣ በማድረግ፣ ጉልበቱን ወደ ታች ተጭኖ የጭንን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ማጠንከርና መልቀቅ ነው፤ ይህም 10 ጊዜ ይደጋገማል። ሕመሙ በጸናበት ወቅት እንኳ አብዛኛው ሰው ሊሠራው ይችላል። ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት በማጠፍ ሌላውን እግር ቀጥ አድርጎ ከመሬት በስንዝር ያህል ማንሣት ይመጣል። ጥንካሬው ሲጨምር ከፍ ካለ ወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ይጨመራል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው፤ ከመቀመጫ መነሣት የቻለ ሰው ወደ ገበያም ወደ ማሳም ለመሄድ የሚያስፈልገውን ጡንቻ እያለማመደ ነውና።

በእንቅስቃሴ ጊዜ መጠነኛ ሕመም መሰማቱ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። ሕመሙ በማግስቱ ወደነበረበት ከተመለሰ ልምምዱ ይቀጥላል፤ ካልተመለሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ መጠኑ ይቀነሳል። ውጤቱ በቀናት ውስጥ አይታይም፤ በተከታታይ ለሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት በሁለተኛው ሳምንት «አልረዳኝም» በማለት ነው። የወደቀ ወይም የጅማት ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ እንዲሁም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ከዚህም ረዘም ላለ ጊዜ መታገስ ይኖርበታል።

ከልምምዱ ጎን ለጎን በጉልበት ላይ የሚያርፈውን የዕለት ጫና መቀነስ ያስፈልጋል። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። በሐረርጌ ዱላ መያዝ እንግዳ ነገር ስላልሆነ «አረጀ እባላለሁ» ብሎ ማፈር አይገባም። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር፣ ሲወርድ የታመመው እግር ይቀድማል። ቁጢጥ ብሎ ከመሥራት ይልቅ በበርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ሸክምን በአንድ ጊዜ ከመሸከም ከፍሎ ማመላለስ ወይም በአህያ መጫን ይረዳል። በሶላት ጊዜ መንበርከክ ለሚያሠቃየው፣ በእስልምና ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው፤ የኦርቶዶክስ ምእመናንም ስለ ስግደት ከንስሐ አባታቸው ጋር ሊመካከሩ ይችላሉ። ክብደታቸው ከመጠን ያለፈና የጉልበት መሳሳት ባለባቸው አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ 1 ኪሎ ግራም የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚቀንስለት አሳይቷል። ምክሩ ለሁሉም አይሠራም፤ ከሲታ ለሆነ ገበሬ ክብደት ቀንስ ማለት ትርጉም የለውም።

እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ልምምድ ለመጀመር ያግዛሉ። ነገር ግን ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፤ የደም ግፊት ያለባቸው ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። ወደ ወጌሻ መሄድም ቢሆን ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። ያበጠና የጋለ ጉልበትን ማሸት፣ ወይም የተሰበረን አጥንት አጥብቆ ማሰር፣ የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

አንዳንድ ምልክቶች ልምምድን ሳይሆን አፋጣኝ ሕክምናን ይጠይቃሉ። ከትኩሳት ጋር ጉልበቱ በድንገት ከጋለና ካበጠ በመገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ይላል። ከመውደቅ በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያቃተው፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለው፣ ወይም ባቱ አብጦ የሚያሠቃየው ሰውም ሊዘገይ አይገባም። ለሳምንታት የቆየ እብጠት ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከታየ የመገጣጠሚያ ቲቢ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። ጉልበቴን አመመኝ የሚል ሕፃን ደግሞ ዳሌው ጭምር ሊታይ ይገባል፤ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላልና።

በኢትዮጵያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ይሠለጥናሉ፤ አገልግሎቱ ግን በአብዛኛው በሆስፒታሎች የተወሰነ ነው። የመቻራ ነዋሪ መጀመር ያለበት በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ሪፈር ይጻፍለታል። መቻራ ከዞኑ ዋና ከተማ ከጭሮ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ በየሳምንቱ መመላለስ ለብዙዎች አይቻልም። ስለዚህ ታካሚው በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ስለ ርቀቱ ለባለሙያው በግልጽ መናገር፣ በቤት የሚሠራቸው ልምምዶች በሥዕል ተደግፈው እንዲሰጡት መጠየቅና እዚያው በባለሙያው ፊት ሠርቶ ማሳየት ይኖርበታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነም የአባልነት መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ ከዚህ ቀደም የተነሣው ራጅ ካለም እርሱን ይዞ መሄድ አለበት።