ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ የሕፃናት አከርካሪ መጣመም

የሕፃኗ አንድ ትከሻ ከፍ ብሎ ወይም በአንድ ወገን ጎድኗ ወጣ ብሎ ያየች እናት፣ ከጎረቤትም ከዘመድም የምትሰማው ማጽናኛ «ስታድግ ይቃናል» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል፤ በጨቅላነት ከሚታዩት መጣመሞች ብዙዎቹ ያለ ሕክምና ይስተካከላሉ። የቀሩትን ግን እድገት ያባብሳቸዋል። ሁለቱን የሚለየው ራጅና የሐኪም ክትትል ብቻ ነው።

ስኮሊዮሲስ የምንለው አከርካሪ ወደ ጎን ሲጣመምና አብሮም ሲጠማዘዝ ነው። መጣመሙ በራጅ ላይ ተለክቶ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ይህ ስም ይሰጠዋል። ሲወለዱ ከነበረ የአጥንት አፈጣጠር ችግር፣ ከነርቭና ከጡንቻ ሕመም፣ ወይም ካልታወቀ ምክንያት ይመጣል። በአገራችን ጀርባን የሚያጎብጠው የአከርካሪ ቲቢ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም በፀረ ቲቢ መድኃኒት ይጀምራል።

ከ10 ዓመት በታች የሚጀምር ስኮሊዮሲስ የሚያሳስበው በመልክ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሳንባ በብዛት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ስለሆነ፣ የተጣመመ ደረት ማደጊያ ቦታ ይነፍገዋል።

በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሚን ሜህታ መጣመሙን የሚያባብሰውን ይህንኑ እድገት ለሕክምና አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት መጣመማቸው እየባሰ የሄደ 136 ሕፃናትን በጀሶ አክመዋል። በአማካይ በ1 ዓመት ከ7 ወር ዕድሜያቸው፣ መጣመሙ 32 ዲግሪ ገደማ ሳለ የደረሱላቸው 94ቱ ጀርባቸው ተቃና። በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ 52 ዲግሪ ላይ የመጡት 42ቱ ግን ተሻላቸው እንጂ ፈጽሞ አልተቃኑም። በሁለቱ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም።

ጀሶው የሚታሰረው ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ ነው። ከራስና ከዳሌ በኩል ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ሐኪሙ የተጠማዘዘውን ደረት በእጁ እያዞረ ጀሶውን ይጠቀልላል። ሲደርቅ ልጁ እንደ ልብ እንዲተነፍስና እንዲበላ ከፊት ለፊት ሰፊ መስኮት ይቆረጥለታል። ልጁ ስለሚያድግ በየሁለት ሦስት ወሩ ይቀየራል፤ በመጨረሻም የሚወልቅ ድጋፍ ይከተላል።

ይህ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። አከርካሪውን በለጋነት አያይዞ ማድረቅ የደረትን እድገት ስለሚገታ፣ ሐኪሞች ከልጁ ጋር የሚረዝሙ ዘንጎችን ይመርጣሉ። አንዳንዶቹ በየስድስት ወሩ ገደማ በትንሽ ቀዶ ጥገና፣ ሌሎቹ ከውጭ በማግኔት ይረዝማሉ።

ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎን ሲያጥቡ ጀርባውን በሚገባ ይዩት። መቆም ከቻለ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ ፊት ያጎንብስ። አንዱ ወገን ከፍ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ አጥንት ሐኪም ይውሰዱት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ምክር ለአከርካሪም ይሠራል።