ርካሹ መደርደሪያ ስንት ክረምት ይዘልቃል?

በደብረ ታቦር ከተማ ቤት የተከራየ አዲስ መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አልጋና ፍራሽ ከገዛ በኋላ የሚያስበው መደርደሪያ ነው። መጽሐፉም፣ የወጥ ቤት ዕቃውም፣ የልጆቹ ደብተርም ከወለል መነሳት አለበት። ገበያው በዋናነት ሁለት ምርጫ ያቀርብለታል። አንደኛው ከቺፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ ተቆርጦ በብሎን የሚገጣጠመው፣ ሲፈለግም የሚፈታው ርካሽ መደርደሪያ ነው። ሁለተኛው አናጺ ከድፍን ጣውላ የሚሠራው ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል።

ገዢው የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ለኪሱ የሚበጀው ጥያቄ ግን «በዓመት ስንት ያስወጣኛል?» የሚለው ነው። መልሱም በዋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን በመደርደሪያው ርዝመት፣ በቤቱ እርጥበትና በባለቤቱ የዝውውር ብዛት ላይ የተመሠረተ ነው።

ርካሽነቱ ከየት መጣ?

ቺፑድ የሚሠራው የእንጨት ስብርባሪ ከኮላ ጋር ተደባልቆ በሙቀትና በኃይል ሲጨመቅ ነው። ለጣውላ የማይበቃ ቀጭን ግንድና ቅርንጫፍ ሳይቀር ጥቅም ላይ ስለሚውል ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ትራንስፖርት ነው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ ተገጣጥሞ ሲጫን 450 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ተፈታትቶ ሲደራረብ ግን የሚይዘው ቦታ ከዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ቀሪው አየር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አየር ጭኖ መጓዝ ደግሞ ለነጋዴው አያዋጣም። የስዊድኑ ኩባንያ ኢኬያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው ይህንኑ ስሌት ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ያቀረበው «ቢሊ» የተባለው የመጽሐፍ መደርደሪያም በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

በአገር ውስጥ ገበያ ይህ ርካሽነት ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ሰሌዳ፣ ብሎንና ማጠፊያ የሚገዛው በዚሁ ምንዛሪ በመሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሮጌው ዋጋ ሌላ መደርደሪያ እገዛለሁ ብሎ ማሰብ ያሳስታል።

መሀሉ ለምን ይጎብጣል?

የርካሽ መደርደሪያ የመጀመሪያ ሕመም የመሀሉ መጉበጥ ነው። እዚህ ላይ የሚፈርደው በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለው ርዝመት ነው። በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ላይ ያረፈው ክብደት እኩል ሆኖ ርዝመቱ ከ80 ወደ 100 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ መጉበጡ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይጠጋል። ርዝመቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ደግሞ መጉበጡ ከአንድ ሦስተኛ በታች ይወርዳል። ውፍረትም ዋጋ አለው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ከባለ 16ቱ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይጠነክራል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ቺፑድ ዛሬ የተሸከመውን ክብደት ነገም ሲሸከም ክብደቱ ሳይጨምር እንኳ መጉበጡን ይቀጥላል። ዩሮኮድ 5 የተባለው የአውሮፓ የእንጨት ግንባታ ደንብ በደረቅ ቤት ውስጥ በመጀመሪያው ቀን 1 ሚሊ ሜትር የጎበጠ ድፍን እንጨት በረጅም ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል ብሎ ያሰላል። ለተራ ቺፑድ ግን ስሌቱ 3.25 ሚሊ ሜትር ነው። በሱቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ የታየው መደርደሪያ በዓመቱ የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢኬያ ለቢሊ መደርደሪያ ሰፊው ዓይነት በአንድ ሰሌዳ የሚፈቅደው 30 ኪሎ ግራም ነው። ይህ 12 ደስጣ የጽሕፈት ወረቀት ወይም ስድስት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ማለት ነው። አስቤዛውን ለወር የሚገዛ ቤተሰብ ይህን መጠን በቀላሉ ያልፈዋል።

የደጋው እርጥበት

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጉና ተራራ ብዙም ሳይርቅ የምትገኝ ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ፣ ጭጋጉና ብርዱ ስለሚፈራረቁ ቤት ውስጥ ያለ እንጨት ሁሉ እርጥበት ይስባል። በበጋ ደግሞ ይደርቃል። ድፍን ጣውላ ይህን የሚችለው አብጦ ተመልሶ በመሟሸሽ ነው። ቺፑድ ግን በፋብሪካ ተጨምቆ የተኛ ስብርባሪ በመሆኑ ውኃ ሲያገኝ ስብርባሪው ይነሳል፣ የያዘው ኮላም ይለቃል። ከደረቀ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግሩ ነው። በአፈር ወለል ላይ የቆመ፣ ወይም ሲሚንቶው በየጊዜው በውኃ በሚታጠብ ቤት ውስጥ ያለ መደርደሪያ ውኃውን በታችኛው ጠርዙ ይጠጣል። ፊቱ በፎርማይካ ወይም በፕላስቲክ ቢሸፈንም ወለሉን የሚነካው ጠርዝ እርቃኑን ከቀረ ልባሱ አያድነውም። የጭቃ ግድግዳን ተደግፎ የቆመም ጀርባው እንዲሁ ነው።

የአገሩ ሰው ይህን ችግር ከጥንት ያውቀዋል። በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ተከተው በግድግዳ ላይ ይንጠለጠሉ የነበረው ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ እንዲርቁ ጭምር ነው።

የዝውውር ዋጋ

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለከተማዋ መምህራንና ሠራተኞች አምጥቷል። አዲስ ሰው ሲመጣ ተከራይ ይበዛል፣ ተከራይ ሲበዛ ደግሞ ዕቃ ከቤት ቤት ይዞራል። ተገጣጣሚ መደርደሪያ ለመጓዝ የተመቸ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብሎን በቺፑድ ውስጥ የሚነክሰው ስብርባሪውን ስለሆነ በካቻቢቴ በተፈታና በታሰረ ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገጠመው መወዛወዝ ይጀምራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የላላው ቀዳዳ ውስጥ ኮላ የተቀባ የክብሪት እንጨት ሞልቶ፣ ሲደርቅ ብሎኑን እንደገና ማሰር ነው። ለአጭር መንገድም ሳይፈቱ ባዶውን መጫን ከመፍታት ይሻላል።

ስሌቱ ምን ይላል?

ለምሳሌ ያህል የቺፑዱ መደርደሪያ 4000 ብር፣ የጣውላው 10000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው 4 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 1000 ብር፣ ሁለተኛው 20 ዓመት ቢያገለግል 500 ብር ይሆናል። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው።

ሆኖም ደመወዝተኛ 10000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ላይሆንለት ይችላል። ጣውላውም የራሱ ጣጣ አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ መከልከሉ የነዚህን ዛፎች መመናመን ያሳያል። በአካባቢው በብዛት የሚተከለው ባሕር ዛፍ ደግሞ በወጉ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣውላ ሁሉ 20 ዓመት ይቆያል ማለት አይደለም።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ባለ 4000 ብሩን መደርደሪያ ገዝቶ 600 ብር መጨመር ነው። ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሞራሌ እግር፣ በእግሩና በወለሉ መካከል ቁራጭ ፕላስቲክ፣ እርቃኑን ለቀረው ጠርዝ ቫርኒሽ፣ በረጅሙ ሰሌዳ መሀል ድጋፍ ይደረግለታል። ከግድግዳው ጥቂት ጣቶች ራቅ ብሎ ይቆምና እንዳይወድቅ በላይኛው ጫፍ ይታሰራል። በዚህ ዕድሜው 8 ዓመት ቢደርስ ዓመታዊ ወጪው 575 ብር ይሆናል። ይህም ለጣውላው ከተሰላው በ75 ብር ብቻ ይበልጣል።

እንግዲህ ገዢው ከመከራከሩ በፊት ሜትር ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል። በድጋፎቹ መካከል ያለው ርዝመት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መሀል ድጋፍ ይጠይቅ። ውፍረቱን ይለካ፣ ገልብጦም የታችኛውን ጠርዝ ይመልከት። ከሻጩ 200 ብር ከማስቀነስ ይልቅ በዚያው 200 ብር እግር ማስገጠም በሚቀጥለው ክረምት የበለጠ ያተርፋል።