የካንሰር ሕክምናና የልጆቻችን ጥርስ

ጥርስ የፊት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ምግብን አድቅቆ ለሆድ የሚያቀብል፣ ንግግርንም የሚያቃና መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ከቤተ ሰብ አንዱ በካንሰር በታመመ ጊዜ ስለ ጥርሱ የሚያስብ ጥቂት ነው። «ነፍሱ ትትረፍ እንጂ ጥርሱ የትም አይደርስ» ይባላል። ነገር ግን ችላ የተባለ አንድ የተበላሸ ጥርስ ሕክምናውን ሊያስተጓጉል፣ አንዳንድ ጊዜም ነፍስን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የካንሰር መድኃኒት ፈጥነው የሚባዙትን ሕዋሳት ስለሚመታ፣ ከበሽታው ጋር የአፍን ሽፋንና ደም የሚሠራበትን መቅኒ ይነካል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት አፍ ሊቆስል፣ በሽታን የሚከላከሉት ነጫጭ የደም ሕዋሳትም ሊያንሱ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ በጥርስ ሥር ያለ መግል ወደ ደም ቢዛመት እጅግ ያሰጋል። በራስና በአንገት ላይ የሚደረግ የጨረር ሕክምና ደግሞ የምራቅ ዕጢዎችን ይጎዳል፤ ምራቅ ባነሰው አፍ ውስጥ ጥርስ ፈጥኖ ይቦረቦራል። ጨረር ባረፈበት መንጋጋ ላይ ኋላ ጥርስ ቢነቀል ቁስሉ ሳይድን ሊቀር፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሊድን የማይችል ጥርስ የሚነቀለው ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ነው።

ይህ ምክር በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች በተለይ ይጠቅማል። ከነገሌ እስከ አዲስ አበባ በአዶላና በሻሸመኔ በኩል ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከፊልቱና ከዶሎ አዶ ለሚነሣውማ ነገሌ ራሷ ሩቅ ናት። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ በጅማም ቢጀመር፣ ለቆላው ሰው መንገዱ አሁንም ረጅም ነው። ለአንድ ጥርስ ብሎ ያን መንገድ ደግሞ ከመመለስ፣ ሕክምናው ሳይጀመር «አፌ ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጥርሱ በሽቦ የሚቃናለት ልጅ ከታመመም፣ ሽቦው የቆሰለውን አፍ ስለሚልጥና ምግብ ስለሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሕክምናው በፊት ይወልቃል። ጥርስ በሽቦ ተስቦ የሚሄደው አጥንቱ በአንድ ወገን እየሟሟ በሌላው ወገን እየተሠራ ነው፤ የካንሰር ሕክምና ግን ይህን ሥራ ያውካል። ስለዚህ ሐኪሞች ሽቦውን እንደገና ለማሰር ብዙ ጊዜ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ይታገሣሉ፤ በሽታው አለመመለሱንም ያረጋግጣሉ። ዕድሜው 6 ዓመት ሳይሞላ የታከመ ሕፃን ደግሞ የቋሚ ጥርሶቹ ሥር ሊያጥር፣ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። ሥሩ ያጠረ ጥርስ በኃይል ቢሳብ ይነቃነቃልና፣ ሐኪሙ አስቀድሞ በራጅ አይቶ በቀስታ ይስበዋል፣ ወይም እንዳለ ይተወዋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ጨረሩ ያረፈበት ቦታና መጠን፣ የታከመበትም ዘመን የተጻፈበትን ወረቀት እንደ ክርስትና ምስክር ወረቀት በሣጥን አኑሩት። ልጁ ድኖ ካደገ በኋላ የጥርስ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

በቤትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መፋቂያ ለጤነኛ ድድ መልካም ነው፤ ለሚደማ ድድ ግን ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይሻላል። አፍን ጥቂት ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ መጉመጥመጥ ቁስሉን ያሳርፋል። በርበሬና የሚፋጅ ምግብ ይቅርበት። በቆላው አገር የላምንና የግመልን ወተት ጥሬውን መጠጣት የተለመደ ነው፤ ለዚህ በሽተኛ ግን ሳይፈላ አይሰጠው። በጾም ወራትም ሕመምተኛው የሐኪሙን ትእዛዝ ለንስሓ አባቱ ነግሮ ስለ ምግቡ ይመካከር።

የጥርስ ነገር ከነፍስ ነገር በኋላ የሚመጣ ይመስላል። በዚህ በሽታ ግን አስቀድሞ የታየ አፍ ለሕክምናው መንገድ ይጠርጋል፤ ልጁም በዳነ ጊዜ በራሱ ጥርስ እንጀራውን እንዲበላ ያደርገዋል።