ሀዋሳን ከታቦር ላይ ስናያት

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሀዋሳ የሚደርስ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ዕቃውን ከሆቴል አስቀምጦ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናውን ይጠጣል፤ ከጉሬዛና ከጦጣ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዓሣውን በልቶ በማግሥቱ ይመለሳል። ይህን ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ከዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው ሐይቁን አየሁ ለማለት አይደፍርም ብለን ስለምናምን፤ እኛ አንባቢያችንን አስቀድመን ወደ ታቦር እንወስደዋለን።

ታቦር በከተማዪቱ ደቡብ ዳር፤ ከሐይቁ አጠገብ የቆመ ኮረብታ ነው። ስሙ የገሊላውን ደብረ ታቦር የሚያስታውስ ይሁን እንጂ ቁመቱስ ደኅና እግረኛን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያደክም አይደለም። ሆኖም ጠንካራ ጫማ መጫማትና ውኃ መያዝ ይገባል፤ ፀሐይዋ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ናትና። ከቀትር በኋላ በዐሥር ሰዓት ገደማ መውጣት የጀመረ ሰው ጀምበር በሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ለማየት ይደርሳል።

ከላይ ሆነው ሲመለከቱ በአንድ ወገን ከተማዪቱ ተዘርግታ ትታያለች። በ1952 ዓ.ም. የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩት በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ዘመን ስትቆረቈር በፕላን የተሠራች ስለ ሆነች፤ ጎዳናዎቿ በገመድ የተለኩ ይመስላሉ። ዛሬ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ስሟም በሲዳምኛ ሰፊ ውኃ ማለት ነው ይባላል።

በሌላው ወገን ያ ሰፊ ውኃ ራሱ ተኝቷል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፤ ጥልቀቱ ግን ከ20 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ዙሪያውን የከበቡት ከፍታዎች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ሲደረመስ የቀረው ጉድጓድ ግድግዳ ናቸው። ተመልካች ዓይኑን እያዞረ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ቢፈልግ አያገኝም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፤ የሚወጣ ግን የለም። ከዳር ቆመው የማያስተውሉት ነገር ይህ ነው።

መውጫ የሌለው ሐይቅ እንደ አብያታና እንደ ሻላ ጨዋማ መሆን ሲገባው፤ ሀዋሳ ጨው አልባ ሆኖ መኖሩ ሊቃውንትን ሲያነጋግር ኖሯል። የሚሰጡትም ምክንያት ውኃው በመሬት ሥር እየሰረገ ይሄዳል የሚል ነው። ጨው በዚህ ስውር መንገድ ቢያመልጥም፤ ደለልና ፕላስቲክ ግን በዚያ አያልፉም። በስተ ምሥራቅ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ከደጋው የሚወርዱትን ወንዞች እየተቀበለ ደለላቸውን ያስቀር ነበር። ዛሬ ራሱ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። የቀረው ለማን እንደሚተርፍ ከታቦር ላይ ያለው ተመልካች ራሱ ይገምት። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የተጠቀመበትን ውኃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ መሠራቱ ደግ ነገር ነው።

በሕንድ አገር፤ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ፤ ናይኒታል የምትባል ከተማ አለች። እርሷም እንደ ሀዋሳ ሐይቅን ታቅፋ የተቀመጠች፤ ጀልባ የሚቀዘፍባትና ከፍታ እየወጡ ቁልቁል የሚመለከቱባት የታወቀች የመዝናኛ ስፍራ ናት። የነዋሪውና የጎብኚው ፍሳሽ ሲጠራቀም ሐይቋ ታፍኖ ዓሣው መሞት ስለ ጀመረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ሁሉ ከሥሩ አየር በቧንቧ ይነፋለታል። ያ ሐይቅ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሀዋሳን የሚያህል ውኃ በቧንቧ ማስተንፈስ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ማስላቱን ለመሐንዲሶች እንተዋለን።

ከታቦር የወረደ ጎብኚ በማግሥቱ ጀልባ መሳፈሩ አይቀርም። ይህንንም በማለዳ ቢያደርገው ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣልና። ላይፍ ጃኬት የሚሉትን የመንሳፈፊያ ልብስ ሳይጠይቅ አይሳፈር። ብዙ ሰው የሚሄደው ጉማሬ ለማየት ነው። ጉማሬ ሣር በል መሆኑ ያዘናጋል እንጂ በአፍሪካ ሰው ከሚገድሉት ታላላቅ አራዊት አንዱ ነው። ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀንሶ ከሩቅ ሲቆም «ተጠጋ እንጂ!» እያሉ መጎትጎት የጀግና ሳይሆን የአላዋቂ ሥራ ነው።

ከጀልባው ሲወርዱ በታቦር ግርጌ ወዳለው አሞራ ገደል ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሌሊት በመረብ የያዙትን ቆሮሶና አምባዛ ማለዳ አምጥተው ያራግፋሉ፤ ወጣቶች በሚያስደንቅ ፍጥነት ቆዳውን ይገፍፋሉ፤ ሾርባውና ጥብሱም እዚያው ይደርሳል። ደፋሩ ጥሬውን በአዋዜ ይበላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትላልቅ አሞሮች ከሰው መካከል እንደ ሽማግሌ ቆመው አንጀትና ጭንቅላት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ፤ በዚህም ዳሩን ከግማት ያድናሉ። ልጆች ፎቶግራፍ ለሚነሣ እንግዳ ዓሣ እየወረወሩ ያስጠጓቸዋል፤ ምንቃራቸው ግን ጣት ከዓሣ አይለይምና እጅን መሰብሰብ ነው። ገበያው የማለዳ ገበያ ስለ ሆነ፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው ከአባ ኮዳዎቹ በቀር የሚያገኘው ጥቂት ነው።